ቅዳሜ ተራራ እንወጣለን

ከአውሮራ እስከ ቶርንተን በውሸት እንቁን የሚስተካከል አልተወለደም። ይህን የምትለው እንቁ ራሷ ናት፤ ሌላ ምስክር የለም። ለስፖርት አስተማሪዋ «በጾም ወራት መሮጥ በሃይማኖታችን ክልክል ነው» ብላ ሁለት ሳምንት ሙሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ተንፈላስሳለች። አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ላይ ያለ ትኬት ወጥታ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ ለሹፌሩ ያወራችለት የችግር ታሪክ ሰውዬውን እንባ አስቀርሮት፣ በነጻ መሳፈሯ ሳያንስ ማስቲካም ተጨምሮላታል።

«ውሸት እኮ አፍ አይደለም፣ ፊት ነው» ትላለች ለጓደኞቿ። «የእኔ ፊት ደግሞ የተዘጋ በር ነው። አንኳኩታችሁ፣ አንኳኩታችሁ ትሄዳላችሁ።»

አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷ ብርቅነሽ ቀድማ አሜሪካ ስትመጣ፣ እንቁ ደሴ ከእናቷ ታላቅ እህት ከእቴቴ ብዙዬ ጋር ቀርታ እስከ ሦስተኛ ክፍል እዚያው ተማረች። ፊደል ያስቆጠረቻት፣ ፀጉሯን የሠራቻት፣ ስትዋሽ ጆሮዋን የቆነጠጠቻት እቴቴ ብዙዬ ናት። እናቷንም ያሳደገቻት እሷው ናት። አሁን እናትና ልጅ አውሮራ ውስጥ፣ ከሃቫና ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ ባለ አፓርትመንት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ለሁለት ይኖራሉ።

መጋቢት ውስጥ አንድ ሰኞ፣ እንቁ ከትምህርት ቤት ስትወጣ የጋሽ መብራህቱ ቫን በሩ ፊት ቆሞ ጠበቃት። ጋሽ መብራህቱ ጎረቤታቸው ናቸው፤ አዲስ አበባ አድገው እዚያው የተማሩ ኤርትራዊ። ክረምቱን ሙሉ ፈረንጆችን ከነበረዶ መንሸራተቻቸው ከኤርፖርት ወደ ተራራ ያመላልሳሉ።

«ምነው ጋሼ፣ ዛሬ ፈረንጅ ጠፋ እንዴ?» አለች ዘልላ ገብታ።

አልሳቁም። ሞተሩንም አላስነሱም።

«እንቁዬ፣ አንቺ ትልቅ ልጅ ነሽ» አሉ።

ሰው «ትልቅ ልጅ ነሽ» ብሎ ጀምሮ ደግ ነገር ተናግሮ አያውቅም። እንቁ ቀበቶዋን ይዛ ቀረች።

«ሌሊት ዳኛቸው ደውሎልኝ ነበር» አሉ። ዳኛቸው የእቴቴ ብዙዬ ልጅ ነው። ለእናቷ ሳይሆን ለጎረቤት ከደወለ፣ የቀረውን መስማት አያስፈልግም ነበር። እሳቸው ግን ቀስ ብለው ጨረሱት፤ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ደጇ ላይ ወደቀች፣ አልተነሳችም፣ ዛሬ ቀበሯት።

እንቁ ጃኬቷን ፊቷ ላይ ጠቅልላ አለቀሰች። ጋሽ መብራህቱ ሬዲዮኑን ከፈቱላት፣ ውጭ የሚያልፉት ልጆች እንዳይሰሟት። ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቁና በውሃ ጠርሙስ መዳፏ ላይ እያፈሰሱ ፊቷን አሳጠቧት።

«ያለቀስሺው እዚህ ይብቃ» አሉ። «እናትሽ እስከ ቅዳሜ እንዳትሰማ። ሥራ ቦታ መርዶ አይነገርም፣ ብቻዋንም አይነገራትም። ግፊት እንዳለባት ታውቂያለሽ። ቅዳሜ ሰው ሁሉ እረፍት ነው፣ ቄሱም ይመጣሉ። ንጋት ላይ ተሰብስበን ገብተን እናረዳታለን።»

«ቅዳሜ ጠዋት እኮ ሥራ ገቢ ናት። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ።»

«እሱ ነው የቸገረን። ፍሬወይኒም ምን ብላ እንደምታስቀራት ጨንቋታል።» ፍሬወይኒ ባለቤታቸው ናት፤ ከብርቅነሽ ጋር አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። «አመም አድርጎኛል ብትይስ?»

እንቁ አፍንጫዋን ጠረገች። ዓይኗ ገና ቀይ ነው፣ አፏ ግን ተመልሷል።

«እሱማ ያስደነግጣታል። ለእኔ ተዉት፣ ጋሼ። ቅዳሜ ጠዋት ለብሳ፣ ተጫምታ፣ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቅዎታለች።»

*

ብርቅነሽ ከሥራ ስትመለስ መጀመሪያ የምታደርገው ጫማዋን አውልቃ በረንዳ ላይ እግሯን ማናፈስ ነው። ከዚያ በስተምዕራብ፣ ከጣሪያዎቹ ሁሉ ባሻገር፣ ተራሮቹ ከነበረዷቸው ይታያሉ።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ» አለች እንደ ልማዷ፣ «እንደ ግድግዳ ፎቶ!»

«ታዲያ ለምን አንሄድም?» አለች እንቁ። «ቅዳሜ ተራራ እንውጣ።»

«ጤና የለሽም? ቅዳሜ ሥራ አለኝ።»

«ኦፍ ጠይቂያ። አንድ ቀን!»

«እኔ የደሴ ልጅ፣ ጦሳ ሥር ተወልጄ ጦሳን ያልወጣሁ፣ እዚህ መጥቼ ከፈረንጅ ጋር በረዶ ላይ ልንከባለል?»

እንቁ ለዚህ ተዘጋጅታለች። ከላይብረሪ ፕሪንት ያደረገችውን ካርታ ዘረጋች። «ከሃይዌዩ ወጥተሽ፣ በዚህ ጠመዝማዛ ትሄጃለሽ። ከዚያ በእግር ለአንቺ አንድ ሰዓት። ሐይቅ አለ። ከሐይቁ በላይ ደግሞ በጋ ከክረምት የማይቀልጥ በረዶ። ስሙ ሴንት ሜሪስ ይባላል።»

ብርቅነሽ እግሯን ከበረንዳው ብረት ላይ አወረደች። «ማን አልሽ?»

«ሴንት ሜሪ። ቅድስት ማርያም።»

«ፈረንጅ በማርያም ስም ተራራ ሰይሟል? እኔስ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አጠገቧ ተቀምጬ ሳልሳለማት?»

እንቁ ፊቷን ወደ ካርታው ደፋች። እናቷ እንዲህ በቶሎ እሺ ትላለች ብላ አልጠበቀችም። ለማሳመን ሦስት ቀን መድባ ነበር፤ አሁን ሦስቱን ቀን የእናቷን ደስታ ቁጭ ብላ ማየት ሊሆንባት ነው።

ጋሽ መብራህቱ በቫናቸው እንደሚወስዷቸው፣ ቅዳሜ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሩን እንደሚያንኳኩ ለብርቅነሽ ተነገራት። ውሸት አልነበረም። በእርግጥም ያንኳኳሉ።

*

ማክሰኞ በረዶ ጣለ። ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ሲወርድ እየቀለጠ ጭቃ ሆነ፣ ተራሮቹ ግን ጠዋት ላይ ጭራሽ ጠፍተው ዋሉ።

«ቀረ በቃ» አለች ብርቅነሽ ከሥራ ተመልሳ። «ለሱፐርቫይዘሬም አልነግራትም። ቅዳሜ ሥራዬን እገባለሁ።»

እንቁ ስልኩን አነሳች። «ሪላክስ እማ። የመጋቢት በረዶ እኮ ቀኑን አይውልም። የተራራውን በረዶ የሚናገር ስልክ አለ፣ ኮል አደርጋለሁ።»

እውነትም ነበር። ቁጥሩን ጋሽ መብራህቱ ናቸው የሰጧት፤ ጠዋት ጠዋት አንድ ሰው ድምፁን ቀድቶ ስለ በረዶው፣ ስለ ነፋሱና ስለ ናዳው ይናገራል። እንቁ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ሰማች፤ የሰውዬው ፈጣን እንግሊዝኛ የማይገባት እናቷ ደግሞ እሷ ፊት ላይ ዓይኗን ለጠፈች። ሰውዬው አዲሱ በረዶ አሮጌው ላይ ገና እንዳልጸና፣ ነፋሱ ከገደሉ አፋፍ ላይ እየከመረው እንደሆነ፣ ልምድ የሌለው ሰው ባይሄድ እንደሚሻል ተናገረ።

«ምን አለ?»

«ጥሩ ነው አለ። እስከ ቅዳሜ ይረጋል አለ። ሐይቁ ድረስ ምንም ችግር የለም።»

«ናዳስ?»

«ናዳ ሌላ ተራራ ነው።»

ብርቅነሽ እንደ መተንፈስ አለች። ያን ዕለት ለሱፐርቫይዘሯ ደውላ ቅዳሜን ከሌላ ሠራተኛ ጋር አስለወጠች። እንቁ መታጠቢያ ቤት ገብታ መስታወት አየች፤ በሩ እንደተዘጋ ነው። ኮራችም። ወዲያው ደግሞ እቴቴ ብዙዬ ጆሮዋን የምትቆነጥጥበት ቦታ ላይ፣ ማንም ሳይነካት፣ ሞቃት።

በማግስቱ ለጋሽ መብራህቱ ነገረቻቸው። «የማትሄዱበትን ቦታ በረዶ ምን አስጨነቀሽ?» አሉ እየገረማቸው።

«እሷ እኮ ትሄዳለች፣ ጋሼ። በሐሳቧ ሄዳለች። ተራራው ቀርቶባት ሥራ ከገባች ግን ንጋት ላይ አታገኟትም።»

እውነትም ብርቅነሽ ሄዳለች። ረቡዕ ኮልፋክስ ላይ ካለው የአሮጌ ልብስ መደብር የወንድ ቦቲ ጫማ ገዝታ መጣች፤ ቡናማ፣ ከባድ፣ ቁርጭምጭሚት የሚያልፍ። ቤት ውስጥ ከሳሎን ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤት ሳሎን እየተራመደች አለማመደችው፤ የታችኛው ፎቅ ሰውዬ ጣሪያውን በመጥረጊያ እስኪደበድብ። «ዝም በል፣ ተራራ እየወጣሁ ነው!» አለችው በአማርኛ፣ ወለሉን እያየች። ስንቅ ደግሞ ሌላ ጣጣ ሆነ። ጾም ነው፤ ሥጋ የለ፣ ዕንቁላል የለ። እንቁ የኦቾሎኒ ቅቤ በዳቦ ብትላት «ቅቤ ነው እንዴ?» ብላ ዕቃውን ገልብጣ የተጻፈውን አስነበበቻት። መጨረሻ ላይ ዳቦ ቆሎ ጋገረች። በየቀኑ ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፦

«ያ የበረዶ ሰውዬ ዛሬ ምን አለ?»

እንቁም በየቀኑ ነፋሱን ትቀንሳለች፣ ፀሐዩን ትጨምራለች።

*

ክፉው ነገር ስልኩ ነበር። ብርቅነሽ ማክሰኞ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ደሴ ሲነጋጋ፣ ከሱቅ የገዛችውን የስልክ ካርድ በሳንቲም ፋቀች።

«ለእትዬ ልንገራት። ተራራ ልወጣ ነው ብላት በሳቅ ትሞታለች።»

እንቁ ከሶፋው ላይ አልተነሳችም። ዳኛቸው ስልኩ እንዳይነሳ ተነግሮታል። በጆሮ ማዳመጫው በኩል ጥሪው ይሰማታል፤ አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፣ ስምንት። ደሴ ያለው ሳሎን ታያት። ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ሞልቶ፣ ሁሉም ጠረጴዛው ላይ የሚጮኸውን ስልክ ያያል፤ የደወለችው ማን እንደሆነች ሁሉም ያውቃል፤ አንድም ሰው አያነሳም።

«ምን ሆና ነው?» አለች ብርቅነሽ። «እትዬ እኮ ስልክ ከሦስት ጥሪ አታስበልጥም።»

ረቡዕም ሞከረች። ረቡዕም ጮኸ፣ ጮኸ፣ ተቋረጠ። በዚያን ጊዜ ፊቷ ላይ ከተራራው ደስታ ሥር ሌላ ነገር ብቅ አለ።

«ነገ ለጎረቤቷ እደውላለሁ» አለች። «ቁጥሯ የሆነ ቦታ አለኝ።»

ጎረቤቷ ዝም እንድትል አልተነገራትም። ጎረቤት ስልኩን አንስታ ትጮሃለች። እናቷ ይህን ሁሉ ለብቻዋ፣ ስልክ ይዛ ቆማ፣ ከምድር ማዶ ትሰማለች። እንቁ ያን ሌሊት ሙሉ ተገላበጠች፤ ሐሙስ እናቷ ከሥራ ስትገባ ግን በር ላይ ዘልላ ተቀበለቻት።

«እማ! አገኘኋት! ጠዋት ትምህርት ቤት ሳልሄድ ደወልኩ። ስልኩ ተበላሽቶ ነበር፤ ዛሬ ነው የተሠራው።»

ብርቅነሽ ቦርሳዋን ጣለች። «እትዬን? ራሷን? ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ሱባኤ ልትገባ ስትወጣ ነው የደረስኩባት፤ እስከ እሁድ ቤት የለችም። ተራራ ልንወጣ ነው አልኳት።»

«ምን አለችሽ?»

እንቁ እስከዚህ ድረስ ነበር ያሰበችው። «ደህና ናት» ብላ ልታቆም። ነገር ግን እናቷ ኮቷን ሳታወልቅ፣ ሁለት እጇን አጣምራ፣ እንደ ሕፃን አፏን ከፍታ ትጠብቃለች። እንቁም ያንን ድምፅ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። መጣላት።

«‹ጦሳ ሥር ተወልዳ ጦሳን ያልወጣች፣ አሜሪካ ሄዳ ተራራ አማራት? ምነው፣ ፍየል ጠፋባት?› አለች።»

ብርቅነሽ ወገቧን ይዛ ሳቀች። ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች፤ እስኪያስላት። «እሷ ናት! እሷው ናት! ሌላስ? ሌላስ ምን አለች?»

«‹ካልሲ ደርባ ታድርግ። ለእኔም አንድ ሻማ ታብራልኝ› አለች።»

ይቺን ለምን እንደጨመረቻት እንቁ ራሷ አታውቅም። ከአፏ ስትወጣ ሰማቻት እንጂ አላሰበቻትም። ብርቅነሽ ሳቋን አቁማ ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። «አበራላታለሁ» አለች። «ለምን አላበራላትም።»

ያን ማታና አርብን ሙሉ ያቺ ጨዋታ ከአፏ አልጠፋችም። ለሥራ ጓደኞቿ ነገረቻቸው። ለፍሬወይኒም ነገረቻት፤ ፍሬወይኒ የአንዲት አሮጊት አልጋ አንሶላ እየዘረጋች ነበር፣ አንሶላውን ይዛ ቀረች፣ ከዚያ የእንቁ ዘዴ መሆኑ ገብቷት ማንጠፏን ቀጠለች፤ ለባሏም አላነሳችበትም። ብርቅነሽ ማታ ቤት ስትገባ ደግሞ «እስቲ እንደ እሷ አድርገሽ በይልኝ» አለች። እንቁ አለች። «ፍየሏን ድገሚልኝ።» ደገመች። በደገመች ቁጥር ድምፁ ይበልጥ እየመሰለ መጣ፤ እራት ግን ሳትበላ ተኛች።

*

ቅዳሜ ንጋት ብርቅነሽ አሥር ሰዓት ላይ ተነስታለች። እንቁ ከክፍሏ ስትወጣ፣ እናቷ ሁለት ሱሪ ደርባ፣ ቦቲውን እስከ ላይ አስራ፣ የሱፍ ኮፍያ አድርጋ፣ ስንቁን የያዘ ቦርሳ አዝላ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። እንደ ቃሏ፤ ለብሳ፣ ተጫምታ።

«አንቺ ገና ፒጃማ ነሽ? ሰዎቹ ሊደርሱ!»

«እማ…» አለች እንቁ።

በሩ ተንኳኳ።

ብርቅነሽ ሮጣ ከፈተች። ጋሽ መብራህቱ ጥቁር ኮት ለብሰው ቆመዋል። ከኋላቸው ፍሬወይኒ፣ ከፍሬወይኒ ኋላ ቄሱ፣ ከቄሱ ኋላ ደረጃው እስከ ታች ድረስ ነጠላ የለበሰ ሰው ሞልቶበታል።

ብርቅነሽ አንገቷን አስግጋ ደረጃውን ቁልቁል አየች። ፊቷ በራ።

«ውይ! ሁላችሁም ናችሁ እንዴ የምትሄዱት?» አለች።

አንዲት ሴት ታች ደረጃው ላይ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች።

ገቡ። ሳሎኑ ሞላ፣ ወጥ ቤቱ ሞላ። ያን ጊዜ የነጠላው አለባበስ፣ የሰው ሁሉ ዓይን መሬት መሬት ማየቱ ገባት። ቦርሳዋን ከጀርባዋ ሳታወርድ «ማን ነው?» አለች። «ጋሽ መብራህቱ፣ ማን ነው?»

«ቁጭ በይ፣ ብርቅነሽ።»

«ቆሜ ይንገሩኝ።»

«እግዚአብሔር ያጽናሽ። እህትሽ ብዙዬ ባለፈው እሁድ አርፋለች።»

ሴቶቹ ጀመሩ። ብርቅነሽ ግን እጇን አንስታ አስቆመቻቸው። አላለቀሰችም። ትንፋሿን በረጅሙ አወጣች፤ ጭራሽ ፈገግ አለች።

«ኧረ ተሳስታችኋል» አለች። «እናንተ ሰዎች፣ እንዴት አስደነገጣችሁኝ! የሌላ ሰው መርዶ ነው ያመጣችሁብኝ። እትዬ ሐሙስ ከልጄ ጋር አውርታለች። እሁድ የሞተች ሰው ሐሙስ ታወራለች?»

ቄሱ ወደ ጋሽ መብራህቱ ዞሩ። ጋሽ መብራህቱ ግራ ገብቷቸው እጃቸውን ወደ ኪሳቸው፣ ወደ ስልካቸው ሰደዱ። «ዳኛቸው ነው የደወለልኝ… ዳኛቸው ራሱ…»

«ዳኛቸው ተምታቶበት ይሆናል! ስልካቸው ተበላሽቶ ነበር አሉ። እንቁ፣ ነይ ንገሪያቸው። ፍየሏን ንገሪያቸው!»

ሰው ሁሉ ወደ እንቁ ዞረ። ፒጃማ ለብሳ የክፍሏ በር ላይ ቆማለች። ለአንድ አፍታ፣ አንዲት አፍታ ብቻ፣ ልትል አሰበች። አዎ አውርቻታለሁ ብትል፣ ይህ ሁሉ ሰው አፍሮ ደረጃውን ይወርዳል፣ እናቷም ቦቲዋን እንዳሰረች ተራራዋን ትሄዳለች። እቴቴ ብዙዬም እስከ ማታ በሕይወት ትቆያለች። እናቷ እያየቻት ነው፤ ዓይኗ «በይ እንጂ» ይላል።

«አላወራኋትም» አለች እንቁ።

«ምን?»

«አልደወልኩም። እኔ ነኝ ያልኩት።»

«ፍየል ጠፋባት ያለችውስ?»

«እኔ ነኝ።»

«ሻማውስ?»

እንቁ «እሱም እኔ ነኝ» እንደ ማለት ራሷን ነቀነቀች።

ለቅሶው ያኔ ቤቱን ሞላው፤ የታችኛው ፎቅ ሰውዬም ያን ቀን መጥረጊያውን አላነሳም። ብርቅነሽ ሶፋው ላይ ተቀምጣ የቦቲዋን ማሰሪያ መፍታት ጀመረች። ቋጠሮው እምቢ አላት። ፍሬወይኒ ልታግዛት ብትንበረከክ ገፋቻት። ሰው ሁሉ ያለቅሳል፣ የሐዘኑ ባለቤት ማሰሪያ ትፈታለች።

*

ሦስት ቀን ሰው አልጠፋም። ምግቡን ሠርተው የሚያመጡት፣ ሳህን የሚያጥቡት፣ ምንጣፍ ላይ የሚያድሩት የእድሩ ሰዎች ነበሩ። ብርቅነሽ አለቀሰች፤ ደህና አድርጋ አለቀሰች። ግን ለቅሶዋ መሐል መሐሉ ላይ ይደናቀፍ ነበር። የእህቷን ወግ እየጠራች፣ ደግነቷን እየጠራች፣ «ጦሳን ያልወጣሽ ያልሽኝ…» ብላ ትጀምርና ድርቅ ትላለች። የእህቷ ቃል አለመሆኑ ትዝ ይላታል። እንደገና ስትጀምር ያው ቃል ቀድሞ ይመጣባታል፤ ከሁሉ የቀረበው እሱ ነዋ። እውነተኛው የመጨረሻ ጨዋታቸው ከሁለት ሳምንት በፊት በስልክ ነበር፤ ስለ ምን እንደነበር ልታስታውሰው አልቻለችም።

አንዲት ሴትዮ፣ ግሪን ቫሊ ራንች ከሚባለው ሰፈር የመጡ፣ ነገሩን ያልሰሙ፣ ለማጽናናት ብለው ጠየቋት። «የመጨረሻ ቃሏ ምን ነበር፣ እናቴ? ምን አለችሽ?»

ብርቅነሽ ወደ እንቁ በአገጯ አመለከተች። «እሷን ይጠይቋት» አለች።

ጋሽ መብራህቱ ለእንቁ አዘኑላት፤ ቫናቸው ውስጥ አስቀምጠው «ለክፋት እንዳልሆነ ሰው ያውቃል» አሏት። ሰው ማወቁ አልረዳትም። እቴቴ ብዙዬን ራሷ ገና ጠግባ አላለቀሰቻትም። ባለቀሰች ቁጥር ሰዎቹ ጸጸት ይመስላቸውና «በቃ፣ በቃ፣ ልጅ ነሽ» ይሏታል፤ ሐዘን መሆኑን ማን ይንገራቸው? የሞተችው የእሷም እናት ናት ማለት ይሆናል። ያንንም ማን ያምናታል?

ከመርዶው ወዲህ ሁለተኛው ቅዳሜ ሲመጣ ቤቱ ተረጋግቷል። ጠዋት ፍሬወይኒ አጥሚት ይዛ መጣች። ብርቅነሽ ጥቁር በጥቁር ሆና በረንዳ ላይ ቆማ ወደ ምዕራብ ታያለች። ተራሮቹ ጥርት ብለዋል።

«እዚያ ማርያም ዘንድ ውሰዱኝ» አለች ድንገት።

ፍሬወይኒ ደነገጠች። «ዛሬ? በዚህ ሰውነትሽ?»

«ቤት ውስጥ ሰው እያየኝ ለቅሶ አልወጣልሽ አለኝ። እዚያ ማንም አያውቀኝም።» ገብታ ቦቲውን ከሶፋው ሥር ጎትታ አወጣች። «መብራህቱን ጥሪልኝ።»

«በረዶውስ? ትናንት እዚያ ላይ ጥሎ አድሯል።»

ብርቅነሽ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ቦቲውን መጫማት ጀመረች። እንቁ ብድግ አለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ እናቷ ከ«ብዪ» እና ከ«ተኚ» በቀር ቃል አልተነፈሰችላትም፤ አሁን ተራራ አለች። የሁለታቸው ተራራ! ስልኩን ከግድግዳው ላይ መነጨቀችና ቁጥሩን በቃሏ መታች።

ሰውዬው ጀመረ። እንቁ ያን ቀን እንዳዳመጠችው አንድንም አስተማሪ አዳምጣ አታውቅም። እርሳስ አንስታ በኤንቨሎፕ ጀርባ ላይ ጻፈች። አልቀነሰችም፣ አልጨመረችም። ሲጨርስ ለማረጋገጥ ደግማ ደወለች፣ ከመጀመሪያው ሰማችው። ከዚያ እናቷ ፊት ሄዳ ቆመች፤ እንደ ጥያቄ እንደመለሰ ተማሪ፣ ኩራቷን መደበቅ አቅቷት።

«እማ፣ እስከ ሐይቁ ድረስ ይኬዳል ይላል። ጠዋት በረዶው ጠንካራ ነው፣ ግን ያንሸራትታል። ከሐይቁ በላይ አትውጡ ይላል፤ ያልረጋ አለ። ከስድስት ሰዓት በፊት መመለስ አለብን። ነፋስ ከሰዓት ይነሳል። ሁሉንም ነው የነገርኩሽ፤ ክፉውንም።»

ብርቅነሽ ቦቲዋን እያሰረች ነበር። ቀና አላለችም።

«ስልኩን ለፍሬወይኒ ስጪያት» አለች። «እሷ ሰምታ ትንገረኝ።»